«በየአገሩ» እና «ተከፋፈሉ»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ደሴ የአማርኛ አስተማሪ ነኝ። አንድ ተማሪዬ ስለ ካቶሊክ ካርዲናሎች ድርሰት ሲጽፍ «ካርዲናሎች በየአገራቱ ተከፋፍለዋል» አለ። በቀይ አሰመርኩበት። የሥራ ባልደረባዬ «ምኑ ነው ስህተቱ?» ቢለኝ ማስረዳት አቃተኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ጆሮዎ ልክ ነው።

«በየ» አንድም አያስቀርም። «የባቲ ገበያ በየሰኞው ይቆማል» ስንል ሰኞ በመጣ ቁጥር ማለታችን ነው። «ካርዲናል በየአገሩ አለ» ካልንም ካርዲናል የሌለው አገር የለም ማለታችን ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ሚያዝያ 2017 ዓ.ም. የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን መሪ የሆኑትን ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 14ኛን የመረጡት 133 ካርዲናሎች ከ70 ያህል አገሮች ነበሩ። ከጣሊያን ብቻ 17፣ ከአሜሪካ 10፣ ከብራዚል 7። ከእኛ አንድ፣ ብፁዕ ካርዲናል ብርሃነኢየሱስ። አንድም መራጭ ያልነበረው አገር ከመቶ በላይ ነው።

«በየአገራቱ» ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። «በየ» ራሱ ያበዛል፤ ሌላ ማብዣ አይፈልግም። በየቤቱ እንጂ በየቤቶቹ አንልም። «በየክልሎቹ» የሚለውን ዜና ላይ በሰማሁ ቁጥር ያመኛል።

ዋናው ችግር ግን «ተከፋፍለዋል» ነው። ሰዎች ተከፋፈሉ ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ጠብ ነው። «እድርተኛው ተከፋፈለ» ቢሉኝ «ምን አጣላቸው?» ብዬ ነው የምጠይቅዎ። ጠቡን ትተን ማደሉን እንውሰድ ብንል እንኳ አያስኬድም። ቅርጫ ሲጣል ሥጋው እኩል እኩል ተመድቦ ለየሰዉ ይደርሰዋል። ካርዲናል እንዲህ አይታደልም። ለአገር ተብሎ የተቆረጠ ድርሻ የለም፤ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ካርዲናል ሲሾሙ የሚመርጡት ሰውየውን ነው።

ታዲያ ልጁ ምን ይበል? «ካርዲናሎቹ ከየት ከየት አገር ናቸው?» ብሎ ይጀምር። ባቲ ገበያ ላይ የአፋሩን ግመል ነጂ፣ የኦሮሞውን ከብት ሻጭ፣ ከደጋ የወረደውን እህል ነጋዴ አንድ ላይ ሲያዩ «ከየት ከየት መጣችሁ?» ይሉ የለ? እንደዚያ ነው። ሁሉም የመጣበት አለው፤ ከሁሉም ቦታ ግን ሰው አልመጣም። እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፦ ይሄ «ከየት» ከ እና የት ነው፤ የ«በየ» ዘመድ አይደለም። እየለየ የሚጠይቀው ስለተደገመ ነው። ከዚያ «ከአንዳንዱ አገር ብዙ፣ ከአንዳንዱ አንድ፣ ከብዙው ማንም» ብሎ ይቀጥል።

ልጁ «በየ» እና «ማከፋፈል» ካልቀሩብኝ ካለ ደግሞ ቦታ አላቸው። የርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ምርጫ ሲጀመር ካርዲናሎቹ ስም የሚጽፉበት ወረቀት ይታደላል። «ለየካርዲናሉ ቢያንስ ሁለት ሁለት የድምፅ ወረቀት ተከፋፈለ» ብሎ ቢጽፍ ሙሉ ማርክ ይስጡት።