ክርስትና እናቷ ሸክላ ሠሪ ብትሆንስ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? ሴት ልጄ ሰማንያ ቀኗ ሊሞላ ነው። ክርስትና እናት እንድትሆንላት ያሰብኩት ጎረቤቴን ነው። ሸክላ ሠሪ ናት። አራስ ሳለሁ ውኃ እየቀዳች፣ ልብስ እያጠበች ያገዘችኝ እሷ ነች። እናቴ ግን «ዘሯ ጠይብ ነው፣ ቡዳ ናት፣ ልጅቱን ትበላታለች» ብላ አኮረፈችኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም ቤቷ ገብቼ ቡና ጠጥቼ አላውቅም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ።

አጭሩን ላስቀድም። ክርስትና እናት የተጠመቀች፣ ሃይማኖቷን የምታውቅና ልጅቱን የምታስተምር መሆን አለባት። ሥራዋና ዘሯ አይጠየቅም።

«ቡዳ» የሚለውን በተመለከተ፣ ርኩስ መንፈስ መኖሩን ቤተ ክርስቲያን አትክድም። ለዚህ ጸሎትም ጠበልም አላት። መንፈሱ በሸክላ ሥራ ይገባል፣ በዘር ይወርዳል የሚል ትምህርት ግን የላትም። ሕዝቅኤል በምዕራፍ 18 «ልጅ የአባቱን ኃጢአት አይሸከምም» ይላል። እዚህማ ጭራሽ ኃጢአቱም የለም። ሰው ጭቃ ስላቦካ ምን አጠፋ? ጌታችንንም የአገሩ ሰዎች ጸራቢ ነው ብለው ንቀውታል (ማር. 6፥3)። ጳውሎስም ድንኳን ይሰፋ ነበር። በእኛም አገር ዳግማዊ ምኒልክ ባለሙያን በሥራው መስደብ ይቅር ብለው በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረዋል። ስድቡ ግን ይኸው እስከ አራስ ቤት ድረስ ገብቷል።

እኔን የከነከነኝ ስለ ቡናው የጻፍሽው ነው። የቀዳችልሽን ውኃ ጠጥተሻል፤ ቡናዋን ግን አልጠጣሽም። ቡናሽን የምታፈይበት ጀበና፣ እንጀራሽን የምትጋግሪበት ምጣድ የማን እጅ ሥራ ነው? ስትቆርቡስ የምትቀበሉት ከአንድ ጽዋ አይደለም?

እስቲ የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 4ን አንብቢ። ጌታችን በያዕቆብ ጉድጓድ አጠገብ ሳምራዊቷን ሲያገኛት መጀመሪያ ያላት «ውኃ አጠጪኝ» ነው። አይሁድና ሳምራውያን አይተባበሩም ነበርና እንዴት ከእሷ እንደሚለምን ገረማት። ልብ በይ፣ ምጽዋት በመስጠት አልጀመረም። እሱ ነው የለመናት። የተናቀን ሰው ማብላት እኮ ብዙም አይከብድም፤ እያበሉም መናቅ ይቻላል። ለእንደ እሷ ያሉ እንግዶች ለብቻው ሲኒ የሚያስቀምጥ ቤት በዓይኔ አይቻለሁ። ከእጇ መብላትና መጠጣት ግን እኩያዬ ነሽ ማለት ነው።

በእኔም የደረሰ ነው። ቆሎ ተማሪ ሳለን የብረት ቀጥቃጮቹን መንደር ዞረን እናልፍ ነበር። አንድ ቀን ዝናቡም ረሃቡም ሲበረታብኝ ገባሁ። ትኩስ ቂጣ ሰጡኝ። እኔ ግን ሳልቀምስ በፊታቸው ሦስቴ አማተብኩ። ምግቡን ለመባረክ እንዳልሆነ ገብቷቸዋል። ዝም አሉ። ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

እናትሽን አትጋፈጪ። እሷም ፍርሃቱን ወርሳ ነው። ንስሐ አባታችሁ ቀስ ብለው ያነጋግሯት። አንቺ ግን በዚህ ሳምንት ልጅሽን ታቅፈሽ ወደ ጎረቤትሽ ብቅ በይ። «ቡና አፍይልኝ» በያት። አቦሉን ጠጥተሽ እንዳትነሺ፣ እስከ በረካው ተቀመጪ። ክርስትና እናት ሁኚልኝ የምትያት ከዚያ በኋላ ነው።