ጠርዙን ሳታሽግ ቀለም አትቀባ፦ የቃጫ ሰሌዳና ውኃ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ከሲሳል ቃጫና ከፖሊስተር ሬዚን (ፈሳሽ ሆኖ ቃጫው ላይ ፈስሶ ከሚደነድን ሙጫ) የሠራኸውን ሰሌዳ ለትንሽ ጀልባ ወለልና መቀመጫ ልታውለው አስበሃል። «የተፈጥሮ ቃጫ ስለሆነ ይበሰብሳል» ብለው አስፈራርተውሃል። አንተ ደግሞ ላዩን በደንብ ቀለም ብቀባው ይበቃል ወይ ብለሃል። እንዲህ ያለ ሰሌዳ መሥራትና ውኃ ውስጥ ነክሮ መፈተን የዘወትር ሥራዬ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልህ።

ሰሌዳው ይቆያል። ቀለም ብቻውን ግን አያቆየውም። ሰው ሁሉ የሚፈራው መበስበስ ደግሞ ብዙውን ጊዜ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነገር ነው። ሰሌዳው ከመበስበሱ ብዙ ቀደም ብሎ ይለሰልሳል፣ ይጣመማል፣ ውስጥ ለውስጥ ይላቀቃል። መጠንቀቅ ያለብህ እዚያ ላይ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከቃጫው ነው። ቃጫ በአብዛኛው ሴሉሎስ፣ ማለትም የዕፅዋት አካል የሚገነባበት ንጥረ ነገር ነው። ሴሉሎስ፣ ከሱም ይልቅ አብሮት ያለው ሄሚሴሉሎስ፣ ውኃ ይወዳል። የመስታወት ቃጫ (ፋይበርግላስ) ይህ ጠባይ የለውም። እጅህ ላይ ደረቅ የሚመስልህ ሲሳል እንኳ ከአየሩ እርጥበት ስቦ ከክብደቱ 10 በመቶ ገደማ ውኃ ይዞ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ የቃጫው ህዋሶች መሀላቸው ክፍት ነው። ሰሌዳውን በመጋዝ ስትቆርጥ የእነዚህን ጥቃቅን ቱቦዎች አፍ ከፈትክ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ቃጫው የፋኖስ ክር ጋዝ እንደሚስብ ውኃውን ከጠርዙ ወደ ውስጥ ይስበዋል። ገጹ ላይ የቀባኸው ቀለም ይህን አያግደውም።

በዓይንህ ማየት ትችላለህ። ከሰሌዳህ ቁራጭ ቆርጠህ፣ ጠርዙን ሳትቀባ ውኃ ውስጥ ለጥቂት ቀናት ተወው። ስታወጣው የተቆረጠውን ጠርዝ በጥፍርህ ዳሰስ አድርገው። የቃጫው ጫፎች አብጠው ከሬዚኑ ወጣ ወጣ ብለው ይሻክሩሃል። ከጠርዙ ተነስተው ቃጫውን እየተከተሉ ወደ ውስጥ የሚገቡ ጠቆር ያሉ መስመሮችም ታያለህ፤ የገጹ መሀል ግን ገና እንደነበረ ነው። አሁን አድርቀው። ጥቁረቱ ይጠፋና በቦታው ቀጫጭን ነጫጭ መስመሮች ይቀራሉ። እነሱ ቃጫው ከሬዚኑ የተላቀቀባቸው ክፍተቶች ናቸው። ነጭ የሚመስሉትም ውስጣቸው አየር ስለገባ ነው።

እንዴት ይላቀቃል? ቃጫ ውኃ ሲጠጣ የሚያብጠው በርዝመቱ ሳይሆን በወርዱ ነው። ሲያብጥ ሬዚኑን ይገፋዋል፣ ያኔ ጥቃቅን ስንጥቆች ይፈጠራሉ። ሲደርቅ ደግሞ ይሸማቀቅና ከሬዚኑ ይሸሻል። በሚቀጥለው ጊዜ ውኃው በዚያ ክፍተት በኩል ሰተት ብሎ ይገባል። ለዚህ ነው እየረጠቡ መድረቅ ሁልጊዜ ውኃ ውስጥ ከመኖር የባሰ የሚጎዳው። የጀልባ ወለልና መቀመጫ ደግሞ ኑሯቸው ይኸው ነው፦ ጠዋት ውኃ ይረጭባቸዋል፣ ቀትር ላይ ፀሐይ ያገኛቸዋል።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ግትርነቱ፣ ማለትም ሲጫኑት አልጎብጥ ማለቱ ነው። እርጥብ ሰሌዳ ከመሰበሩ በፊት ይጎብጣል። ጥንካሬው ከሚቀንሰው ይበልጥ ግትርነቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ደረቁን ሰሌዳ ቆመህበት «ይችላል» አትበል። ነክረህ፣ ጠጥቶ ሲጠግብ፣ ያኔ ቁምበትና የመደገፊያዎቹን ርቀት በዚያ ወስን። ሲደርቅ ከጠፋው ግትርነት የተወሰነው ይመለሳል። በመላቀቅ የጠፋው ግን አይመለስም።

ለመፈተን ላቦራቶሪ አያስፈልግህም። አይኤስኦ 62 እና ኤኤስቲኤም ዲ 570 የሚባሉት፣ ፕላስቲክ ምን ያህል ውኃ እንደሚጠጣ የሚለካባቸው መመዘኛዎችም በመሠረቱ መንከርና መመዘን ናቸው። ከዚያው ሰሌዳ ሁለት ቁራጭ ቁረጥ። አንዱን ጠርዙን በኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ በሚደነድን ሬዚን) አሽገው፣ ሌላውን እንዲሁ ተወው። ክብደታቸው መቀነስ እስኪያቆም በ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ አድርቃቸውና መዝን። ከዚያ ንከራቸው፤ በየጊዜው እያወጣህ፣ ላያቸውን በጨርቅ ጠርገህ መዝናቸው። ክብደቱ መጀመሪያ ፈጥኖ ይጨምራል፤ ከዚያ ጭማሪው እየቀነሰ ሄዶ ይቆማል። ሳይቆም መጨመሩን ከቀጠለ ውኃው ስንጥቅ እየሞላ ነው። መጨረሻ ላይ አድርቀኸው ከመጀመሪያው ደረቅ ክብደት ካነሰ ደግሞ ከቃጫው ሟሙቶ የወጣ ነገር አለ። በሁለቱ ቁራጮች መካከል የምታየው ልዩነት እኔ ከምነግርህ በላይ ያሳምንሃል። ውፍረትም ይረዳል፦ ውኃው በገጹ በኩል የሚገባ ከሆነ፣ ውፍረቱን እጥፍ ስታደርገው ለመጥገብ የሚፈጅበት ጊዜ አራት እጥፍ ይሆናል።

ሬዚኑን በተመለከተ፣ ምርጫው ገና በእጅህ ቢሆን ኢፖክሲ እልህ ነበር። ከቃጫው ጋር የሚይዘው ከፖሊስተር በተሻለ ነው። ፖሊስተርን ውኃ ውሎ አድሮ ራሱን ሬዚኑን ያጠቃዋል፣ ላዩ ላይም አረፋ የመሰሉ እብጠቶች ያመጣል። ቪኒል ኤስተር የሚባለው ሬዚን በሁለቱ መካከል ነው። ፒኤልኤ የሚባለውን ከዕፅዋት የሚሠራ ፕላስቲክ ለውኃ ቦታ አታስበው።

ከሬዚኑ ምርጫ እኩል የምጨነቅበት ግን የቃጫው ድርቀት ነው። ይህን ዘልለው የሚሄዱ በጣም ብዙ ናቸው፤ ያሳዝነኛል። ውስጡ እርጥበት ያለው ቃጫ ሬዚን ሲነካው በደንብ አይያያዝም። ሬዚኑ ሲግል ደግሞ ያ እርጥበት ተኖ አየር የቋጠረ ክፍተት ይተዋል። ለሚቀጥለው ሥራህ ቃጫውን ከ80 እስከ 100 ዲግሪ ባለው ኦቨን ለጥቂት ሰዓታት አድርቀውና ሳይቆይ ሥራበት። አድሮ ከተነካ እንደገና ጠጥቷል። ሙቀቱን ወደ 200 ዲግሪ አታስጠጋው፣ ቃጫው ራሱ መበላሸት ይጀምራል።

ቃጫውን ከሬዚኑ በፊት በኮስቲክ ሶዳ ማጠብም ይረዳል፤ ላዩ ላይ ያለውን ሰምና የሄሚሴሉሎሱን ከፊል ያነሳል፣ ገጹንም ሻካራ ያደርገዋል። ግን ከጠነከረ ቃጫውን ያዳክማል፤ በደንብ ካልታጠበ ደግሞ የቀረው ሶዳ ፖሊስተሩን ይበላዋል። ጓንትና መነጽር ሳታደርግ አትንካው፤ ሁልጊዜም ሶዳውን ወደ ውኃው ጨምር እንጂ ውኃውን ወደ ሶዳው አትጨምር። ማድረቁን በሥርዓት ሳታደርግ ግን ወደዚህ አትቸኩል።

አሁን በእጅህ ያለውን ሰሌዳ ምን ታደርገዋለህ? መጀመሪያ በደንብ አድርቀው። እርጥብ ላይ መቀባት ውኃውን ውስጥ መቆለፍ ነው። ጠርዞቹን ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት አሻሽና ኢፖክሲ አጠጣቸው። የመጀመሪያውን ዙር ቃጫው ይመጠዋል፤ ስለዚህ ጠርዙ አብረቅርቆ እስኪቀር ድረስ ድገመው። ከዚያ ሁለቱንም ገጽ በኢፖክሲ ቀባ። አንዱን ገጽ ብቻ ከቀባህ ያልተቀባው ወገን ብቻውን ያብጥና ሰሌዳው ይጣመማል። ቀለሙ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እሱም ያስፈልጋል፤ ኢፖክሲ ፀሐይ አይወድም።

ሰሌዳው መጀመሪያ የሚበላሸው በብሎን ቀዳዳው ዙሪያ ነው። ጠቆር ያለ ቀለበት ታያለህ፣ ከዚያ ብሎኑ ይላላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቀዳዳውን ከሚያስፈልግህ ሰፋ አድርገህ ብሳ፣ በወፈረ ኢፖክሲ ሙላው፣ ሲደርቅ መሀሉን በትክክለኛው ልክ እንደገና ብሳ። ያኔ ብሎኑ የሚነካው ኢፖክሲ እንጂ ቃጫ አይሆንም።

መበስበሱን ስለፈራህ አንድ ነገር ልጨምር። የምሥራቅ ጀርመኗ ትራባንት መኪና ከ1957 እስከ 1991 ስትመረት የውጭ አካሏ በፌኖል ሬዚን የታሸገ የጥጥ ቃጫ ነበር፤ በሙቀትና በግፊት የተጨመቀ። ዝናብና በረዶ ችላ ኖራለች። እንጨት የሚያበሰብሰው ፈንገስ ለመኖር እርጥበት ይፈልጋል፤ እንጨት ላይ 20 በመቶ ገደማ ካልደረሰ አይመቸውም። በደንብ የታሸገና የመድረቅ ዕድል የሚያገኝ ሰሌዳ እዚያ ለመድረስ ይቸግረዋል። ገጹ ላይ ብቻ የምታየው ሻጋታ ታጥቦ የሚሄድ ነው፤ አያስደንግጥህ።

ስለዚህ ለመቀመጫውና ከውኃው በላይ ለሚሆነው ወለል፣ እንዳልኩህ ካሸግከው፣ ሳልፈራ እጠቀምበታለሁ። ለጀልባዋ ሆድ፣ ሁልጊዜ ውኃ ውስጥ ለሚቀመጠው፣ በእጅ የተለጠፈ ሲሳልና ፖሊስተር ግን አልመክርህም። እሱን ቢያንስ ውጭውን በፋይበርግላስና በኢፖክሲ አልብሰው። የሰሌዳውን ውፍረት፣ ቃጫውም የተሸመነ ይሁን የተበተነ ብትጽፍልኝ መደገፊያዎቹን በምን ያህል ርቀት እንደምታደርግ አብረን እናሰላዋለን።