መልስ፦ ሣሩን አጥፍቼ ምን ልትከል?

ወንድሜ፣ ኮምቦልቻ ላይ ውሃ በፈረቃ እየመጣ ሣር ማጠጣት ሰለቸኝ፣ በምን ልተካው ብለሃል። መጀመሪያ ሣሩ ሰርዶ መሆኑን እይ። ሰርዶ ከሆነ በመቆፈር አትድከም። ተበጣጥሶ አፈር ውስጥ የቀረው ሥር ክረምት ሲገባ እንደገና ይበቅላል፤ እኔ ሁለት ዓመት ለፍቼበታለሁ። የሚያዋጣው ማፈን ነው። ሚያዝያ ላይ አጭደህ ካርቶን ደራርብበት፣ ፕላስተሩን ግን ላጠው። አርጥበውና የበሰበሰ ፍግ፣ ከዚያ ገለባ አልብሰው። ዳር ዳሩን ሾልኮ ይወጣል፣ እየዞርክ ንቀል።

ሐምሌ ላይ ካርቶኑን እየበሳህ ትከል። ጦስኝ ደጋ ነው የሚወደው። ደሴ ከእናንተ 600 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል እዚያ ያምርበታል። ላንተ በሶብላ፣ ጤና አዳምና ሬት ይሻላሉ። በሶብላው ሲያብብ የንቡ ነገር ጉድ ነው! ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ጥግ ካለ ግን ሣሩን ተውላቸው።