የፋይናንስ ኃላፊዋ ለምን አትፈርምም?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ገላን ላለ ፋብሪካ የንብረት ሲስተም (ዕቃ ገቢና ወጪ የሚመዘግብ ሶፍትዌር) እየሠራችሁ ነው። ሥራ አስኪያጁ "ቀጥሉ" ይላል፣ የፋይናንስ ኃላፊዋ ግን በየሳምንቱ አዲስ ነገር ታመጣለች፣ ሥራውን ተቀብያለሁ ብለሽ ፈርሚ ስትባል ደግሞ ዛሬ ነገ ትላለች። ከእሷ ጋር እንዴት ልግባባ ነው ያልሽው።

እኔ ቃሊቲና አቃቂ ባሉ መጋዘኖች እንዲህ ዓይነት ሥራ ስሠራ ዓመታት አልፈዋል። ሴትዮዋ ክፉ ሆና አይመስለኝም። ሂሳቡ ሳይገጥም ቢቀር ኦዲተር ፊት የምትቆመው እሷ ናት። ያላመነችበትን ለምን ትፈርማለች? እኔም ብሆን አልፈርምም።

ስለዚህ ስብሰባውን ለጊዜው ተይውና እስቶር ግቢ። አንዴ ከንብረት ክፍል ሠራተኛዋ አጠገብ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። አይሱዙ ገባ፣ ካርቶኑ ወረደ፣ እሷም ቆጥራ ብጣሽ ወረቀት ላይ ጻፈች። ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) የተቆረጠው ግን ከሰዓት በኋላ ነው፤ ለካ የጥራት ክፍል አይቶ ሳይፈርም ዕቃው ገቢ አይሆንም። ስብሰባ ላይ ሁሉም "ዕቃ ሲመጣ ይመዘገባል" ብሎ ነበር ያለፈው፣ በዲዛይኑም ዕቃው እንደወረደ ቀሪው ላይ ይደመራል። የዚያ ቤት የፋይናንስ ኃላፊ "ቁጥሩ አይገጥምም" እያለች ስትጨቃጨቅ የከረመችው ለካ እውነቷን ነው። "ምርመራ ላይ ያለ" የሚል አንድ ደረጃ ጨመርን፣ ጭቅጭቁም በዚያው ቆመ።

ያንቺዋ ኃላፊም አዲስ ነገር ስትጠይቅሽ "አይቻልም" አትበያት። "ይሄ ከገባ የወጪ ሪፖርቱ ለሚቀጥለው ዙር ይቆያል፣ የቱ ይቅደም?" በያት። መርጣ ስትነግርሽ በዚያው ቀን በቴሌግራም "ዛሬ የተስማማነው ይሄ ነው፣ የተሳሳተ ካለ አርሙኝ" ብለሽ ላኪ። ሥራ አስኪያጁም የቴሌግራም ቡድኑ ውስጥ ይኑር። ቃለ ጉባኤ እስኪተየብና እስኪፈረም መጠበቅ አያስፈልግም (እሱም ቢሆን ይዘጋጅ፣ ፋይል የሚወድ አለቃ አይጠፋም)።

የሠራችሁትን ቶሎ ቶሎ አሳዩ። ስክረም (ሶፍትዌርን በአጫጭር ዙር የመሥሪያ ዘዴ) ራሱ አንድ ዙር ከአንድ ወር እንዳይበልጥ ያዛል፣ በዙሩ መጨረሻም ሥራው ለባለድርሻዎች ይታያል። እኔ በየሁለት ሳምንቱ እመርጣለሁ። ስታሳዪ ግን "ዕቃ ሀ፣ ዕቃ ለ" በሚል የሙከራ ዳታ አይሁን። ያለፈውን ሳምንት ሞዴል 22 (የዕቃ ወጪ ደረሰኝ) ራሷ ታምጣ፣ ራሷ ታስገባ፣ ቀሪውን ከቢን ካርዱ (እስቶር ውስጥ የየዕቃው ገቢ፣ ወጪና ቀሪ ከሚጻፍበት ካርድ) ጋር ታስተያይ። ያኔ የምትጠይቀው ጥያቄ ሁሉ ይለወጣል።

ቀን ላይ ተጠንቀቂ። የበጀት ዓመታቸው ሐምሌ 1 የሚጀምር ከሆነ ሰኔ መጨረሻ ላይ ቆጠራና መዝጊያ አለ፤ በዚያ ሰሞን ፊርማ መጠየቅ ጠብ መጫር ነው። ወርሃዊ ሪፖርቱ ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር ይደምር ወይስ ለብቻው ያውጣ የሚለውንም አሁኑኑ ጠይቂያት። ሌላ ቦታ ይሄ ሳይጠየቅ ቀርቶ ሪፖርቱ እንዳለ ሲፈርስ አይቻለሁ።

ሥራው የሚዘገይ ከሆነ ቀኑ ሳይደርስ ደውለሽ ንገሪያት። መብራት ጠፋ፣ ኔትወርክ የለም የሚለውን በመጨረሻው ቀን ማንም አይሰማሽም፣ እውነት ቢሆንም። ደግሞ አደራ፣ በሥራ አስኪያጁ በኩል አታስገድጃት። ትፈርም ይሆናል፣ ግን ሲስተሙን አትከፍተውም፣ ሠራተኞቿም ወደ ኤክሴላቸው ይመለሳሉ።

እስቶር ስገባ የምጠይቃቸውን ጥያቄዎች ጽፌ አስቀምጫለሁ፤ ከፈለግሽ በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ።