ሴናተሩ ለስቴቱ ገንዘብ የሚያመጣው እንዴት ነው? ጥያቄና መልስ

ሜሪላንድ ውስጥ ለአንድ የኢትዮጵያውያን ማኅበር የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ መጻፍ ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። የኮንግረስ አባላት ለመጡበት ስቴት ገንዘብ ስለሚያስመድቡበት መንገድ የምትጠይቁኝ በዝታችኋል። ዛሬ ቁጭ ብዬ የመጣውን ሁሉ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ከሀ ልጀምር። ኢርማርክ ምንድን ነው?

ቃሉ የመጣው ከብት ጆሮ ላይ ከሚደረግ ምልክት ነው። ከብቱ ከመንጋው ጋር ይግጣል፤ የማን እንደሆነ ግን ጆሮው ይናገራል። ገንዘቡም እንደዚያው ነው። አብዛኛው በጀት ለመሥሪያ ቤቱ በጥቅሉ ይሰጥና እሱ አወዳድሮ ያከፋፍላል። ኢርማርክ ሲሆን ግን ኮንግረስ ራሱ «ይህን ያህል ዶላር ለዚህ ከተማ የውኃ መስመር» ብሎ ይወስናል። ከጎኑ የጠየቀው አባል ስም ይሰፍራል።

ጥያቄ፦ ገንዘቡ የፕሬዚዳንቱ አይደለም እንዴ? ሴናተሩ ሥልጣኑን ከየት አመጣው?

ከሕገ መንግሥቱ። አንቀጽ 1 ላይ በሕግ ካልተመደበ በቀር ከግምጃ ቤት ገንዘብ አይወጣም ይላል። ሕግ የሚያወጣው ደግሞ ኮንግረስ ነው። በየዓመቱ 12 የበጀት ሕጎች ይዘጋጃሉ፤ የሚረቀቁትም በሁለቱም ምክር ቤቶች ባሉ የበጀት ድልድል ኮሚቴዎች ነው። ስለዚህ አባሉ ማን እንደሆነ ብቻ አትዩ፤ የት ኮሚቴ እንደተቀመጠ እዩ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በእውነት አንድ ሰው ስቴት ሊቀይር ይችላል? በምሳሌ ቢያሳዩን።

እሺ ልጄ፣ ሮበርት ቢርድን ላንሳልህ። ዌስት ቨርጂኒያን ወክሎ ከ1959 እስከ 2010 ሴኔት ውስጥ ተቀመጠ፤ የወጣውም ሲሞት ነው። ያደገው በከሰል ማዕድን አካባቢ፣ በድህነት ነው። በ1989 የሴኔቱን የበጀት ድልድል ኮሚቴ በሊቀመንበርነት ሲይዝ ለስቴቱ ቢሊዮን ዶላር አመጣለሁ ብሎ ቃል ገባ። አመጣም።

ከዋሽንግተን ዲሲ ወደ ምዕራብ ነድተህ ታውቃለህ? ዋርደንስቪል የምትባል ትንሽ ከተማ ድረስ መንገዱ ጠባብ ነው፤ እየተጠማዘዘ ይሄዳል። ከተማዋን አለፍ እንዳልክ ባለ አራት መስመር ይሆናል። ሸለቆው ላይ ረጃጅም ድልድዮች ተዘርግተዋል፤ መኪናው ግን ጥቂት ነው። ኮሪደር ኤች ይባላል። ቢርድ ለዓመታት ገንዘብ ሲያስመድብለት ኖሯል። መጀመሪያ ያየሁት ዕለት መኪናዬን ዳር አቁሜ ቆሜ አየሁት።

ሌላም አለ። እዚህ አገር ለዜግነት አሻራ የሰጣችሁ ሁሉ፣ አሻራችሁ የሚመሳከረው ክላርክስበርግ፣ ዌስት ቨርጂኒያ ባለው የኤፍቢአይ ማዕከል ነው። ማዕከሉን ከዋሽንግተን አንስቶ እዚያ ያስወሰደው ቢርድ ነው። ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ይሠሩበታል። ግሪን ባንክ ላይ የቆመው ግዙፍ የሬድዮ ቴሌስኮፕም በስሙ ይጠራል።

ይህን ሁሉ አድርጎም ዌስት ቨርጂኒያ ዛሬ ከድሃዎቹ ስቴቶች ተርታ ናት። የእኔ አስተያየት ይህ ነው፦ ኢርማርክ ሕንፃ ያቆማል፣ ድልድይ ይዘረጋል፣ ሥራም ይፈጥራል፤ እየቀዘቀዘ የመጣ የከሰል ኢኮኖሚን ግን ብቻውን አይተካም። ደግሞ ሰውየውን ቅዱስ አላደርገውም። በወጣትነቱ ጥቁሮችን የሚያሳድደው የኩ ክሉክስ ክላን አባል ነበር፤ በ1964 የወጣውን የሲቪል መብቶች ሕግም ተቃውሟል። በኋላ በአደባባይ ይቅርታ ጠይቋል። ለእኛ ለጥቁሮች ይህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

ጥያቄ፦ ይቅርታ አድርግልኝና፣ ይህ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ከሚባለው በምን ይለያል?

ቢርድ መንገድ አሠራ እንጂ በኪሱ አልከተተም። በኪሱ የከተተም ግን ነበር። የካሊፎርኒያው የተወካዮች ምክር ቤት አባል ራንዲ ከኒንግሃም ለመከላከያ ተቋራጮች ውል እያስገኘ 2.4 ሚሊዮን ዶላር ጉቦ መቀበሉን በ2005 አመነ፤ በማግሥቱ ዓመት ከስምንት ዓመት በላይ እስር ተፈረደበት። ያኔ ማን ምን እንደጠየቀ ሕዝብ በቀላሉ አያይም ነበር። ጨለማ ባለበት ቦታ ደግሞ ሌባ አይጠፋም።

ጥያቄ፦ «ወደ የትም የማይወስደው ድልድይ» የሚባለውስ?

አላስካ ውስጥ ኬቺካን የምትባል ከተማ አለች። ከባሕሩ ማዶ ግራቪና ደሴት ላይ 50 ያህል ሰው ይኖራል። በ2005 የመንገድ ሕግ ውስጥ እነዚህን ሁለቱን ለማገናኘት ከ220 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተመደበ። ካትሪና የተባለችው አውሎ ነፋስ ሉዊዚያናን ስትመታ አንድ ሴናተር «ይህ ገንዘብ እዚያ ለፈረሰው ድልድይ ይሂድ» አለ። የአላስካው ቴድ ስቲቨንስ ተነስቶ ስቴቴን ከነጠላችሁማ ከምክር ቤቱ እለቃለሁ ብሎ አስጠነቀቀ። ሐሳቡ በ82 ለ15 ወደቀ።

አንድ ነገር ለፍትሕ ልበል። የኬቺካን አውሮፕላን ማረፊያ ያለው ደሴቱ ላይ ነው። ተጓዡ ሻንጣውን ይዞ በጀልባ ይሻገራል። ስለዚህ «ወደ የትም» የሚለው ሙሉ እውነት አይደለም። ግን ለጥቂት ደቂቃ የጀልባ ጉዞ ያን ያህል ገንዘብ? እኔ አልመድብም ነበር። ድልድዩም ሳይሠራ ቀረ፤ ሰው ዛሬም በጀልባ ነው የሚሻገረው። በዚህና በመሰለው ቁጣ ኮንግረስ በ2011 ኢርማርክን አቆመ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ዛሬ አለ ወይስ የለም?

በ2021 ተመልሷል፤ ስሙም ደንቡም ተለውጧል። አባሉ ጥያቄውን በድረ ገጹ ላይ ይፋ ያወጣል። እሱም ቤተሰቡም የገንዘብ ጥቅም እንደሌላቸው በፊርማው ያረጋግጣል። ለትርፍ የሚሠራ ድርጅት አይሰጠውም። ለ2023 በጀት ዓመት ከ7,000 በላይ ፕሮጀክቶች 15 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተመደበላቸው። ለ2025 ግን በጀቱ ባለበት እንዲቀጥል ተወሰነና አንድም ሳይገባ ቀረ። ስንቱ ከተማ እጁን ዘርግቶ እንደቀረ አስቡት።

ጥያቄ፦ የአገሪቱን ዕዳ የሚያባብሰው ይህ አይደለም?

አይደለም። የኢርማርክ ከፍተኛ ወሰን በየዓመቱ ከሚመደበው በጀት 1 በመቶ ነው። በአብዛኛው የሚለውጠውም የገንዘቡን መድረሻ እንጂ መጠኑን አይደለም።

ጥያቄ፦ የእኛ ማኅበር መጠየቅ ይችላል? አዳራሻችን እየፈረሰ ነው።

ይቻላል፣ ግን ዓይናችሁን ከፍታችሁ ግቡበት። መጀመሪያ ማኅበሩ በበጎ አድራጎት ድርጅትነት የተመዘገበ ይሁን። የአካባቢው ሰው እንደሚፈልገው የሚያሳይ የድጋፍ ደብዳቤ ሰብስቡ፤ ከካውንቲው፣ ከትምህርት ቤቱ፣ ከጎረቤት ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ። ደንቡ በየዓመቱ ይለዋወጣል። የተወካዮች ምክር ቤቱ በቅርቡ በአንዳንድ የበጀት መስመሮች ላይ በሩን ለማኅበራት ዘግቷል። እንዲህ ሲሆን በሴናተሮቹ በኩል ሞክሩ፣ ወይም ካውንቲው ጠያቂ ሆኖ ሥራው ለእናንተ ይሠራ።

ገንዘቡ ጸደቀ ማለት ቼክ መጣ ማለት አይደለም። የእኛ ማኅበር አዳራሽ ጣሪያ ያፈስ ነበር። እናቶች ቡና የሚያፈሉበት ጥግ ላይ ባልዲ እናስቀምጣለን። ገንዘቡ ተመደበ ሲባል እልል ተባለ። ከዚያ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሳያልቅ አንድ ቆርቆሮ እንዳትነቅሉ ተባልን። የሚተላለፈው በቤቶችና ከተማ ልማት መሥሪያ ቤቱ በኩል ከሆነ ደንቡ ይህ ነው። ክረምት አለፈ፣ በጋ አለፈ፣ ሌላ ክረምት መጣ። ባልዲው እዚያው ነበር። ቀድመን የሚነግረን ሰው ብናገኝ ኖሮ ለዚያ ጊዜ የሚሆን መዋጮ እናዘጋጅ ነበር። ለዚህ ነው ለእናንተ የምነግራችሁ።

ጥያቄ፦ እኔ ዲሲ ነው የምኖረው። ሴናተሬ ማን ነው?

የለሽም፣ እህቴ፤ ዲሲ ስቴት አይደለችም። በተወካዮች ምክር ቤት አንድ ተወካይ አላት፤ ተወካይዋ ሕግ ሲጸድቅ ድምፅ አትሰጥም፣ ኢርማርክ ግን መጠየቅ ትችላለች። ሴኔት ውስጥ የሚጠይቅልሽ የለም። ግብሩን ግን እንደማንኛችንም ትከፍያለሽ። ይህ ያንገበግበኛል። ከዲሲ መንገድ ተሻግረሽ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ስትገቢ ሁለት ሴናተር ታገኛለሽ።

ጥያቄ፦ አገራችንስ እንዲህ ያለ ነገር አለ?

በዚህ መልኩ የለም። የተወካዮች ምክር ቤት የፌዴራሉን በጀት ያጸድቃል፤ ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ የሚከፋፈልበትን ቀመር የሚወስነው ግን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። አንድ አባል ስሙን አስፍሮ «ይህ ለወረዳዬ» የሚልበት ሰንጠረዥ የለም።

ጥያቄ፦ ዜጋ አይደለሁም። ቢሮአቸው ብሄድ ያባርሩኛል?

አያባርሩህም። የምክር ቤት መቀመጫ የሚደለደለው በነዋሪ ቁጥር ነው፤ አንተም ተቆጥረሃል። ካፒቶል ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ ሰፈርህ አካባቢ ያለውን ቢሮ ፈልግ። «የበጀት ጥያቄዎችን የሚከታተለው ማን ነው?» በል። ብዙ ጊዜ አንድ ወጣት ሠራተኛ ይወጣልሃል። ንግግር አታብዛበት። አንድ ገጽ ስጠው፦ ምን ይሠራል፣ የት፣ በስንት፣ ማን ይጠቀማል። ፎቶም አያይዝ። እኛ የባልዲውን ፎቶ ነበር የሰጠነው።