ድህነትና ጤና ከማህፀን እስከ እርጅና፦ ለሰሜን ሸዋ ጠያቂዎች የተሰጠ መልስ

የኑሮ ደረጃ በጤና ላይ ስለሚያመጣው ልዩነት ከደብረ ብርሃን፣ ከመንዝ፣ ከእንሳሮና ከሸዋ ሮቢት ከደረሱኝ ጥያቄዎች መካከል የሚከተሉትን መርጬ መልሻለሁ። አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን በጤና መኮንንነት ያሳለፍሁት በመንዝ ደጋ ስለሆነ ምሳሌዎቼ ወደዚያው ያደላሉ።

ከመሐል ሜዳ፣ የሁለት ልጆች እናት፦ የመጀመሪያ ልጄን ያረገዝሁት እህል ከጎተራ ባለቀበት ክረምት ነበር። አሁን ስድስት ዓመት ሞልቶታል፤ ከእኩዮቹ ግን በጣም ያጥራል። ሐኪሙ መቀንጨር ነው አለኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው? ከእንግዲህስ ይስተካከላል?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት የኢትዮጵያ ልጆች 38 በመቶዎቹ ቀንጭረው ተገኝተዋል፤ በአማራ ክልል ቁጥሩ 46 በመቶ ነበር። በአገር ደረጃ እጅግ ድሃ ከሆኑት ቤተሰቦች ልጆች 45 በመቶ ያህሉ፣ ከባለጸጎቹ ደግሞ 26 በመቶ ያህሉ ቀንጭረዋል። ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ ነገር ግን ሀብት ካለው ቤትም ከአራት ልጆች አንዱ መቀንጨሩ ነገሩ የእህል መኖርና አለመኖር ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል። ንጹሕ ውሃ፣ ተደጋጋሚ ተቅማጥ፣ የእናቲቱ ድካምና የምግቡ ዓይነት ሁሉ ይገቡበታል። እኔ በየቤቱ ስዞር ደጋግሜ ያየሁት ዶሮ እያለ ልጁ እንቁላል የማይቀምስ መሆኑን ነው። እንቁላሉ በጭድ ተሸፍኖ ለገበያ ቀን ይጠራቀማል፤ በምትኩም ጨው፣ ሳሙናና የታላቅዬው ደብተር ይገዛበታል። እናት ይህን የምታደርገው ሳታውቅ ቀርታ አይደለም፤ ሌላ ጥሬ ገንዘብ የምታገኝበት መንገድ ስለሌላት ነው።

ለዕድገት ወሳኙ ጊዜ ከፅንስ እስከ ሁለተኛው ዓመት ልደት ያለው አንድ ሺህ ቀን ያህል ነው። ከዚያ በኋላ የጎደለው ቁመት ሙሉ በሙሉ መመለሱ ይከብዳል። የልጅዎ አእምሮና ጤና ግን ገና ብዙ የሚጠቀምበት ጊዜ አለው። ትምህርቱን አያቋርጥ፤ ከገብሱና ከባቄላው ጋር እንቁላል፣ ወተትና ጎመን ያግኝ፤ የአንጀት ትላትል መድኃኒቱን በወቅቱ ይውሰድ። ሌላ ልጅ ካሰቡ ደግሞ እርግዝናው ከመምጣቱ በፊት ለራስዎ ምግብ ይጨነቁ።

ከደብረ ብርሃን፣ የመንግሥት ሠራተኛ፦ እኔ ተምሬአለሁ፤ ደመወዝም አለኝ። ይህ የድሆች ጉዳይ እንጂ እኔን የሚመለከት ነው?

መልስ፦ ይመለከትዎታል። እ.ኤ.አ. በ1967 በለንደን የተጀመረውና ተመራማሪው ሐኪም ማይክል ማርሞት ውጤቱን በሰፊው የተነተኑት ጥናት የተካሄደው በወንድ የመንግሥት ሠራተኞች ላይ ነበር። ከነዚያ ወንዶች መካከል የተራበ አልነበረም፤ ሐኪም ቤትም ለሁሉም በነጻ ክፍት ነበር። ሆኖም በዝቅተኛው እርከን ላይ የነበሩት ሠራተኞች በልብ ሕመም የሞቱበት መጠን ከከፍተኛ ኃላፊዎቹ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋ ነበር። ይበልጥ የሚያስገርመው በመካከል ያሉት ነገር ነው፤ እያንዳንዱ እርከን ከበላዩ ካለው ይልቅ የታመመ፣ ከበታቹ ካለው ይልቅ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ማጨስና የደም ግፊት ልዩነቱን በከፊል ብቻ ነው ያስረዱት፤ ከቀሪው ከፊሉ በኋላ በተደረገ ተከታይ ጥናት ሰው በሥራው ላይ ካለው የመወሰን ሥልጣንና ከማያቋርጥ ጭንቀት ጋር ተያይዟል። ይህን ውጤት እንዳለ ወደ እኛ አገር ማምጣት ግን አልወድም፤ እኛ ዘንድ ከጭንቀቱ በፊት ምግብ፣ ውሃና ጭስ ይቀድማሉ።

ከደብረ ሲና፣ ወጣት፦ አያቴ ዘጠና ዓመት አልፏታል፤ ገብስ በልታ፣ ሐኪም ሳታይ። ድሮ ሰው ከአሁኑ ይልቅ ጤነኛ አልነበረም?

መልስ፦ ለእማማ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። በትሕትና አጠገባቸው ቁጭ ብለህ ስንት ወንድምና እኅት እንደነበሯቸው፣ ከነዚያ ስንቱ እንዳደጉ ጠይቃቸው። ሩቅ ሳንሄድ በ1992 ዓ.ም. ዳሰሳ መሠረት በአገራችን በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። ዛሬ የምናያቸው አረጋውያን ያንን ሁሉ ያለፉት ናቸው፤ ያላለፉት አጠገባቸው ስለሌሉ አይቆጠሩም። በዚሁ ምክንያት በእርጅና ዘመን በድሃና በሀብታም መካከል ያለው የጤና ልዩነት የጠበበ ሊመስል ይችላል፤ ከድሆቹ ደካማ የነበሩት ቀድመው ስላለፉ ነው።

ከእንሳሮ፣ ገበሬ፦ ጓያ እንደሚሰብር እናውቃለን። ታዲያ ለምን የሚሰበረው የድሃ ልጅ ብቻ ይሆናል?

መልስ፦ ጓያ የተባለው ጥራጥሬ መረሬ በሚባለው ጥቁር መሬት ላይ በተረፈ እርጥበት ይበቅላል፤ ሌላው አዝመራ በድርቅ ሲጠፋ እሱ ይተርፋል። ባለጸጋው በሽሮ መልክ ከጤፍና ከስንዴ ጋር ጥቂት ይበላዋል፤ ድሃው ግን በክፉ ዘመን ጠዋትም ማታም እሱኑ ይበላል። እንዲህ ዋና ምግብ ሆኖ ለወራት ሲቀጥል በውስጡ ያለው መርዝ የእግርን እንቅስቃሴ የሚመሩትን ነርቮች ይጎዳል። ብዙውን ጊዜ የሚጠቃውም ለሥራ የደረሰ ወጣት ወንድ ነው፤ ሽባነቱም አይመለስም። እንፋሎቱ ወይም አገዳውን መርገጥ ይሰብራል የሚባለው ትክክል አይደለም፤ የሚጎዳው መብላቱ ነው። በብዙ ውሃ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋትና ከእህል ጋር መቀላቀል አደጋውን ይቀንሳል። በሃያ ዓመቱ ምርኩዝ የያዘ ሰው ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮው ሁሉ፣ ማረሱም፣ ማግባቱም፣ ልጆቹን ማብላቱም፣ በዚያ አንድ ክፉ ዓመት ይወሰናል።

ከሸዋ ሮቢት፦ ለማሾ አጨዳ ከደጋ የሚወርዱት ሠራተኞች ከእኛ ይልቅ በወባ ለምን ይወድቃሉ?

መልስ፦ ወባ በሌለበት ደጋ ስላደጉ ሰውነታቸው በሽታውን አያውቀውም፤ የሚያድሩትም ብዙ ጊዜ አጎበር በሌለበት ዳስ ወይም ሜዳ ነው። ቀጣሪው ከምግቡ ጋር አጎበር እንዲያቀርብ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከደብረ ብርሃን፣ ነጋዴ፦ ስኳር በሽታ የሀብታም አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ሲጀምር ብዙ ጊዜ እንዲያ ይመስላል፤ እየቆየ ግን ወደ ድሃው ይወርዳል፤ በበለጸጉት አገሮች ዛሬ ይበልጥ የሚያጠቃው ድሆቹን ነው። ለምን እንደሆነ ከላይ ለመሐል ሜዳዋ እናት ከመለስሁት ጋር ይገናኛል። በእንግሊዝ ሄርትፎርድሺር አዋላጆች ከ1911 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሕፃናትን ክብደት ይመዘግቡ ነበር። ተመራማሪው ሐኪም ዴቪድ ባርከርና ባልደረቦቻቸው እነዚያን መዝገቦች ከብዙ ዓመታት በኋላ ሲመረምሩ ክብደታቸው አንሶ የተወለዱት ሲያድጉ በልብ ሕመምና በስኳር ይበልጥ እንደሚጠቁ አገኙ። በማህፀን ሳለ ተርቦ ያደገ፣ ኋላ ከተማ ገብቶ ዘይትና ስኳር የበዛበት ምግብ የለመደ ሰው ወፍራም ባይሆንም ይመርመር።

ከሞላሌ፦ ድህነት ያሳምማል ወይስ ሕመም ያደኸያል?

መልስ፦ ሁለቱም፤ እየተፈራረቁ። አባወራው ታሞ በሬ ከተሸጠ መሬቱ ምርቱን እኩል ለሚካፈል ሌላ ገበሬ ይሰጣል፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚበላው ይቀንሳል። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች የተጀመረው የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የበሬውን ሽያጭ ለማስቀረት ይረዳል፤ ስለዚህ መዋጮውን እህል በሚገባበት ወቅት ይክፈሉ። የትራንስፖርቱና የማደሪያው ወጪ ግን ከታማሚው ኪስ መውጣቱ አልቀረም።

ከመንዝ፣ የእድር ዳኛ፦ እድራችን ጥቂት ገንዘብ አጠራቅሟል። ለጤና ብናውለው በምን እንጀምር?

መልስ፦ ሁለት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛው ጭሱ ነው። እንጨት በጠፋበት ደጋ ማገዶው ኩበት ነው፤ ብርዱን ለመሸሽም ምድጃው የሚነደው ሰው በሚተኛበት ቤት ነው። አንድ ቀን ጠዋት ለክትባት ቅስቀሳ በገባሁበት ቤት እናቲቱ ልጇን አዝላ እንጀራ ትጋግር ነበር፤ ምጣዱን በከፈተች ቁጥር የሕፃኑ ፊት በጭስ ይሸፈናል፤ እሷም ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች። ጣሪያው በጥላሸት ጠቁሮ ያብለጨልጭ ነበር። የሕፃናት የሳንባ ምችና የሴቶች የማያቋርጥ ሳል ከዚህ ጭስ ጋር የተያያዙ ናቸው። ማብሰያውን ለይቶ ጭስ መውጫ ማበጀት ይቻላል።

ሁለተኛው የልጃገረዶች ትምህርት ነው። ከገጠር መጥተው ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይተው፣ ስንቅ ከቤት እያመጡ የሚማሩት ልጃገረዶች ኪራይ ሲያቅታቸው ያቋርጣሉ። የተማረች እናት የምትወልዳቸው ልጆች የመቀንጨርም የመሞትም ዕድላቸው ያነሰ መሆኑ በየዳሰሳው የሚደጋገም ውጤት ነው። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ እኔ የኪራዩን አስቀድማለሁ፤ ጭስ መውጫውን የእድሩ አባላት በድንጋይና በጭቃ፣ በደቦ ሊሠሩት ይችላሉ።