መሪዋን የምትደብቀው መኪና

ልጆቼ፣

ፀጉሬ ጋራዥ ውስጥ ነው የሸበተው። መጀመሪያ የፈታኋት መኪና ቮልስ ነበረች። ሞተሯ ከኋላ፣ በአየር የምትቀዘቅዝ፣ ውሃ የማትጠይቅ። ዛሬ ያንኑ ምልክት የለጠፈች ኤሌክትሪክ መኪና ስትገባ ኮፈኗን ትከፍቱና “ጋሼ፣ ሞተሩ የታለ?” ትሉኛላችሁ። ኋላ ነዋ! እንደዚያችው ቮልስ።

ሰሞኑን ከእናንተ አንዱ የኮንሴፕት መኪና (ለትርኢት እንጂ ለገበያ ያልተሠራች ናሙና) ቪዲዮ አሳየኝ። መሪ የላትም፣ በሯ እንደ ቁም ሳጥን ወለል ብሎ ይከፈታል። “እኛ እዚህ የፍሬን ሸራ ስንቀይር ዓለም ጥሎን ሄደ” አለኝ። ያን ጊዜ ሥራ ላይ ስለነበርኩ ዝም አልኩት። አሁን ልመልስለት።

ቮልስዋገን ራሱ በ2017 (እ.ኤ.አ.) የሻንጋይ የመኪና ትርኢት ላይ እንዲህ ያለች፣ አይዲ ክሮዝ የምትባል ኮንሴፕት አቅርቦ ነበር። ቁመቷ 4.6 ሜትር ገደማ ነው። ከፊት 75፣ ከኋላ 150 ኪሎዋት ሞተር አላት፤ ወለሏ ሥር ደግሞ 83 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ። አንዴ ተሞልታ 500 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ተባለ። (በጊዜው የነበረው የአውሮፓ መለኪያ ቸር ነበር፤ ቁጥሩን እንዳለ አትዋጡት።) በፊትና በኋላ በር መካከል ምሰሶ የላትም። የፊቱ በር 90 ዲግሪ ይከፈታል፣ የኋላው ወደ ጎን ይንሸራተታል። መሪው መሃል ያለውን ምልክት ለ3 ሰከንድ ስትነኩት መሪው ዳሽቦርዱ ውስጥ ይገባል፤ ከጣሪያዋ ላይ አራት የሌዘር መቃኛዎች ብቅ ይላሉ። ከዚያ እሷ ትነዳለች፣ እናንተ ትቀመጣላችሁ።

ሦስት ዓመት ቆይቶ በ2020 (እ.ኤ.አ.) ለገበያ የምትሆነው አይዲ 4 ወጣች። ምሰሶው ተመልሷል። በሮቹ እንደማንኛውም በር ናቸው። መሪው አይደበቅም፣ ጣሪያው ላይ ምንም የለም። ቻይና ውስጥ በሽርክና የተሠራችው እንዲያውም ስሟን እንደያዘች ነው፤ አይዲ 4 ክሮዝ። ቦሌ መንገድ ላይ የምታዩዋት፣ እስክሪኗ ቻይንኛ የሚያወራው። መንግሥት በ2024 (እ.ኤ.አ.) በነዳጅ የሚሄድ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህማ እንዲህ ያሉት በዝተዋል።

ታዲያ ተሸወድን? እኔ አይመስለኝም። እንደዚህ ዓይነት ቪዲዮ ስታዩ ወረቀት አውጡና እስከ ገበያ የዘለቀውን በአንድ በኩል፣ የወደቀውን በሌላ በኩል ጻፉ። ከክሮዝ የዘለቀው ከታች ያለው ነው፦ ወለል ሥር የተነጠፈው ባትሪ፣ የኋላው ሞተር፣ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ሰፊ ርቀት። የወደቀው ከላይ ያለው፣ መድረክ ላይ ያስጨበጨበው ነው። ምሰሶው ለምን ተመለሰ? መኪና ከጎን ሲመታት ጉልበቱን የሚቀበለው እሱ ነው፤ የፊት ወንበር ቀበቶም እሱ ላይ ይታሰራል። እሱን ካነሳችሁ በሩንና ወለሉን ማጠንከር ሊኖርባችሁ ነው። ክብደት ይጨምራል፣ ዋጋ ይጨምራል።

መሪውን መደበቅማ ቀላል ነው። አንድ ሞተር ይበቃዋል። ከባዱ መሪው ከተደበቀ በኋላ ለሚሆነው ነገር ማን ይጠየቃል የሚለው ነው። ቮልስዋገንና ፎርድ ራሷን የምትነዳ መኪና ለመሥራት አርጎ ኤአይ በሚባል ድርጅት ላይ ብዙ ቢሊዮን ዶላር ካፈሰሱ በኋላ በ2022 (እ.ኤ.አ.) ጥቅምት ተዘጋ። የገንዘብ ብዛት ብቻውን አላዳነውም።

አሁን ወደ ፍሬን ሸራችን። አይዲ 4 ጋራዥ ስትገባ የኋላ ጎማዋን ፈትታችሁ በዲስክ ፈንታ የድሮውን ዝግ ፍሬን ስታገኙ “በዚህ ዋጋ ታምቡር?” ብላችሁ ስትስቁ ሰምቻለሁ። እስቲ አስቡት። ፍሬን ስትረግጡ ሞተሩ ራሱ ጄኔሬተር ሆኖ መኪናዋን ይይዛል፣ ኃይሉንም ለባትሪው ይመልሳል። የኋላው ፍሬን ብዙውን ጊዜ ሥራ ፈት ነው። ዲስክ ቢሆን ዝናብ እየመታው፣ ሳይሠራ ይዝጋል። ታምቡር ግን ዝግ ነው፤ ከጭቃውም ከውሃውም ተጠብቆ ይቆያል። ታምቡርን መብራት አብርቶ መድረክ ላይ የሚያሳይ የለም። ለእኔ ግን ከሚደበቀው መሪ ይልቅ ጥሩ ዲዛይን እሱ ነው። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ፣ ሰው እንዳይስቅበት ሳይፈራ፣ አስቦበታል።

ሁሉንም አወድሳለሁ ማለት አይደለም። በሾፌሩ በር ላይ ለአራት መስኮት ሁለት ማውረጃ ቁልፍ ብቻ ማድረግ ምን የሚሉት ብልጠት ነው? በኋላ በ2023 (እ.ኤ.አ.) ባሳዩት ኮንሴፕት ቁልፎቹን ራሳቸው ወደ መመለሱ ሄደዋል።

አንድ ነገር ግን በቁጣ ልናገር። ብርቱካናማ ኬብል (ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያልፍበት ነው) ባያችሁበት እጃችሁን ሰብስቡ። ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ጓንት ሳታደርጉ፣ ኃይሉ ሳይቋረጥ አትንኩ። የድሮው ባትሪ ብትነኩት አይነዝራችሁም፤ ይሄኛው አያስተርፍም።

ባለፈው ደግሞ አንድ ደንበኛ ኤሌክትሪክ መኪናውን ይዞ መጣ። “ራሷን መንዳት ትታለች፣ ካሜራዋ ተበላሽቷል” አለ። በመጀመሪያ ራሷን እንደማትነዳ፣ መስመሯን ስትስት ብቻ እንደምታግዝ፣ እጁን ከመሪው እንዳያነሳ ነገርኩት። አልተዋጠለትም። አብረን ወጣን። የመንገዱ ነጭ ቀለም በደንብ በሚታይበት ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የመስመር ምልክት ይበራል፤ ቀለሙ የጠፋበት ስንደርስ ይጠፋል። ዞረን ደገምነው፣ ያው ነው። ጋራዥ ስንመለስ ቦርሳውን አወጣና “ሂሳብ ስንት ነው?” አለኝ። ለመንገድ ቀለም ስንት ልበለው? ቡና ጋበዘኝና ሄደ።